በመስቀሉ እግር ላይ ያለች ጭረት

የድልብ አምባ ሚካኤል ገበዝ፣ ቄስ ኃይለ ማርያም፣ ሰው አያምኑም ነበር። ሐሜት አይደለም፤ እሳቸውም አይክዱትም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የምትለዋን ተረት ከውዳሴ ማርያም እኩል የሚደግሟት ነበር የሚመስሉት። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ አንገታቸው ላይ አስረው ይተኛሉ፤ ጠዋት ሲነሡ ደግሞ ማንም እንዳልነካው ለማወቅ የክሩን ቋጠሮ ይመረምራሉ። በዚያ ቤት ከሳቸው ሌላ የሚተኛ ሰው ቢኖር ሚስታቸው ሸዋረግ ብቻ ናት። እሷም ይህን ስለምታውቅ አንዳንድ ቀን ሆን ብላ ቋጠሮውን ትለውጠውና ሲብሰለሰሉ ሲውሉ እያየች ትስቅ ነበር።

ዘመኑም ቢሆን ለተጠራጣሪ የተመቸ ነበር። ረኃቡ ወሎን ካራቆተ ወዲህ ዝናቡ ተመልሷል፤ ከብቱና ሰዉ ግን አልተመለሰም። ንጉሡ ወርደዋል። መሬት ለአራሹ ተብሎ ካህናቱ የሚተዳደሩበት የሰሞን መሬት ለገበሬው ተከፋፍሏል። ትናንት የገበዙን ማሳ እያረሰ እኩሌታውን ያስረክብ የነበረው ካሳ፣ ዛሬ የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ሆኖ ጠመንጃ አንግቷል። ደግሞ ወደ መካነ ሰላም በሚመጡት የጭነት መኪናዎች የማይታወቁ ነጋዴዎች እየተሳፈሩ በየደብሩ ይዞራሉ፣ አሮጌ መስቀልና ብራና በእህል ይለውጣሉ የሚል ወሬ ነበር። ገበዙ ይህን ወሬ ከሰሙ ጀምሮ እንቅልፍ አጡ።

የድልብ አምባ ሚካኤል ሀብት አንድ መስቀል ነበር። ከጥቁር ወይራ የተጠረበ የእጅ መስቀል ነው፤ ከራሱ እስከ እጀታው መነሻውና መድረሻው በማይታወቅ ሐረግ ተሸፍኗል። በበዓል ሕዝቡ ይሳለመዋል፤ የታመመ ይዳሰስበታል። የገበዙ አያት ለአባታቸው፣ አባታቸው ደግሞ ለሳቸው «አደራ» ብለው አስረክበዋል። ቄሰ ገበዝ ልጅ አልወለዱም፤ መሬቱም ሄደ፤ የቀራቸው ይህ አደራ ነበር። ይህ ከእጃቸው ከጠፋ በአባታቸው ፊት ምን ብለው እንደሚቆሙ አያውቁም።

አካሉ የመጣው በሰኔ ነው። ሚስቱንና ልጁን ረኃብ ወስዶበት፣ ከማሻ በኩል በእግሩ፣ የቆዳ ከረጢት በትከሻው አንጠልጥሎ ደረሰ። ከረጢቱ ውስጥ መሮዎች፣ ወስፌ፣ አጭር ቢላዋና የጠርሙስ ስባሪ ነበሩ። ሌላ ምንም አልነበረውም። ደጀ ሰላሙ በር ላይ ተቀምጦ የሰጡትን እየበላ ሰነበተና ከዕለታት አንድ ቀን የደብሩን አለቃ፣ አለቃ አድማሴን፣ አነጋገራቸው።

«አባቴ፣ መሬት የለኝም፣ ዘመድ የለኝም፤ እጅ ግን አለኝ። ሥራ የፈቱትን ሰዎች ይስጡኝና መስቀል መቅረጽ ላስተምራቸው። በመስከረም መካነ ሰላም ገበያ አውጥተን ብንሸጠው እስከ አዝመራው የሚያደርሰን እህል አናጣም።»

አለቃ አድማሴ ደስ አላቸው። መሬታቸውን ያጡ ዲያቆናት፣ በሬአቸውን በረኃቡ የበሉ ገበሬዎች ደብሩን ሞልተውታል። «ምን ትፈልጋለህ?» ቢሉት «ለጀማሪ በቃል አይነገርም፤ ዐይኑ የሚያርፍበት ያስፈልገዋል። የሚካኤልን መስቀል እያዩ ይሥሩ» አላቸው።

ገበዙ ይህን ሰሙ። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ፣ እጁ ብረት የለመደ ሰው፣ ገና እግሩን ሳያሳርፍ ከዕቃ ቤቱ ሁሉ መስቀሉን ለይቶ ጠየቀ። እንቢ እንዳይሉ አለቃው ፈቅደዋል። «እሺ፤ ግን ከእጄ አይወጣም» አሉ። አልወጣምም። በየቀኑ ደጀ ሰላሙ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው መስቀሉን ጭናቸው ላይ ያቆሙታል፤ ተማሪዎቹ ከፊታቸው ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ ዝናቡ ውጭ ይወርዳል። ገበዙ መስቀሉን ይዘው የሰዎቹን እጆች ሲጠብቁ ይውላሉ።

አካሉ ለትምህርቱ ዋንዛ አስመጣ። «ወይራ ለኋላ ነው፤ ዋንዛ ለስላሳ ስለሆነ የጀማሪን ስሕተት ይችላል» አላቸው። እርጥብ እንጨት አስጣላቸው፤ ዛሬ እየታዘዘ ነገ እንደሚሰነጠቅ አሳያቸው። ቢላዋውን ወደ ራሳቸው እንዳይስቡ፣ አውራ ጣታቸው ከኋላ እንዲገፋው፣ ከእንጨቱ ጅማት ጋር እንጂ በተቃራኒ እንዳይሄዱ ነገራቸው። ብዙ ቀን ቀጥ ያለ መስመር ብቻ አስጫራቸው። ዲያቆን ሞላ የሚባለው፣ ድምፁ ያማረ እጁ ግን እንደ ግንድ የከበደ ጎልማሳ፣ ቀጥ ያለውን መስመር ራሱ ጠመዝማዛ ያደርገው ነበር። አምባቸው የሚባለው ገበሬ ግን ቶሎ ያዘ። ሞፈርና ቀንበር ሲጠርብ ያደገ ሰው ነው።

ወደ ሐረጉ ሲሸጋገሩ አካሉ «ሐረጉን አትንኩት» አላቸው። «በዙሪያው ያለውን አውጡት፤ እሱ ራሱ ይቀራል።» ከዚያ ደግሞ በቁጣ የሚደጋግመው አንድ ትእዛዝ ነበረው፦ «ያያችሁትን ብቻ። አትጨምሩ፣ አትቀንሱ። ጀማሪ ጥበብ ሲያምረው እንጨት ይፈጃል።» መስቀሉ በብዙ ዘመን መሳለም አንድ ጠርዙ ተልጧል፤ እሱን ሳይቀር አስቀረጻቸው።

ገበዙ ጠረጠሩ። «አዲስ መስቀል ላይ የአሮጌ መስቀል መላጥ ምን ይሠራል?» ብለው ጠየቁት።

«ጀማሪዎች ናቸው አባ። ይህንን ተዉት ካልኋቸው ያንንም ይተዉታል።»

መልሱ መልስ ይመስላል፤ ገበዙን የሚያስፈራቸውም መልስ የሚመስል መልስ ነው። አንድ ቀን ደግሞ አካሉ ነጭ ጨርቅ በከሰል ዱቄት አሽቶ መስቀሉ ላይ ጫነና ሐረጉን እንዳለ አተመው። ለተማሪዎቹ ሊያሳያቸው ነው። ገበዙ ግን «ልኩን ወሰደ» ብለው ቤታቸው ሲገቡ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። አንድ ዓይነት መስቀል ሠርቶ፣ ያንን በመስቀሉ መጠቅለያ ጨርቅ ውስጥ አስቀምጦ፣ እውነተኛውን ለነጋዴ ሊሸጥ ነው። ለሸዋረግ ነገሯት።

«አጃኢብ ነው» አለች። «እንደ እርስዎ ቢሆን ቅዱስ ሚካኤልም ሰይፉን ሳያስፈትሽ ከደጁ አይገባም ነበር። ሰውየው ልጁን ቀብሮ የመጣ ነው፤ ይተዉት።»

አልተዉትም። በሐምሌ አጋማሽ አልታዬ የምትባል ሴት ሞተችና ለፍትሐት ተጠሩ። ገበዝ ሆኖ ፍትሐት መቅረት አይቻልም፤ አለቃው ደግሞ ትምህርቱ እንዳይቋረጥ መስቀሉን እንዲተዉላቸው አዘዋል። ቄሰ ገበዝ ወደ ዕቃ ቤቱ ገቡ፣ በሩን ዘጉ፣ ከቀሚሳቸው ኪስ ሰንጢ አወጡ። ሜሮን በተቀባ መስቀል ላይ ብረት ማሳረፍ ክህነት የሚያሳጣ ድፍረት መሆኑን ያውቃሉ። ቢሆንም ከእጀታው ሥር ባለችው አራት ማዕዘን እግር ላይ አንዲት የገብስ ፍሬ የምታህል ጭረት ጫሩ፤ አዲስነቷ እንዳይታወቅም በጥላሸት አሿት። አሁን የራሳቸውን መስቀል ከሺህ መስቀል መካከል ይለዩታል። ይህን ለማንም አልተናገሩም፤ ለንስሐ አባታቸውም ጭምር።

ከቀብር ሲመለሱ በመጀመሪያ ያዩት መስቀሉን ነው። ጭረቷ አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ እፎይ አሉ፤ ቀብር ሲኖር መስቀሉን ትተው ይሄዳሉ፣ ሲመለሱ እግሩን ያያሉ፣ ጭረቷን በአውራ ጣታቸው ይዳስሷታል። ሸዋረግ እንኳ «ምን አገኙ፣ ፊትዎ በራ» አለቻቸው።

ፍልሰታ ገባ። ከጎበዞቹ ተማሪዎች ስድስቱ ወደ ወይራ ተሸጋግረው መስቀላቸውን ጨረሱ። አካሉ በጠርሙስ ስባሪ ፍቆ አለሰለሰላቸው፣ የኑግ ዘይት አጠጣቸው፣ እንዳይሰነጠቁና ነቀዝ እንዳይገባቸው ባረፈባት ጎጆ ውስጥ ከጭስ በላይ ሰቀላቸው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አካሉ እንጨት ሊለቅም በወጣበት፣ ገበዙ እውነተኛውን መስቀል በጨርቁ ጠቅልለው እንደያዙ ወደ ጎጆው ጎራ አሉ። ለማየት ብቻ ነበር። ስድስቱም ጠቁረዋል፤ አሮጌ መስለዋል። አንዱን አወረዱና እንደ ልማዳቸው እግሩን ዳሰሱ።

ጭረቷ አለች።

ሌላውን አወረዱ። አለች። ሦስተኛውም ላይ አለች። ገበዙ መሬት ላይ ተቀመጡ። ሰውየው ምልክታቸውን ደርሶበታል። እንዳይለዩት ብሎ በሁሉም ላይ አድርጎታል። እንግዲያው በጨርቁ ውስጥ የያዙትስ የትኛው ነው? ፈቱት፤ ከስድስቱ ጎን አስቀመጡት፤ አንዱን ከአንዱ እያስተያዩ ሲያነሡ ሲጥሉ ቆዩ። በያንዳንዱ ውስጥ አንድ የማያውቁት ነገር የተደበቀ መሰላቸው። መጨረሻ ላይ ሁሉንም በነጠላቸው አፍሰው በዝናብ እየሮጡ ካሳ ቤት ደረሱ።

«የሚካኤልን መስቀል ለውጦታል» አሉ። «እውነተኛውን ሸጦታል።»

ካሳ ጠመንጃውን ካነሣ ጀምሮ የሚይዘው ሌባ ሲፈልግ ነበር። «በምን አወቁ?» አላቸው።

ገበዙ ስለ ጭረቷ ቢናገሩ በምን ጫሯት፣ ማን ጫራት ይመጣል። «ስጠብቀው የኖርሁትን መስቀል አላውቀውም ብለህ ነው?» አሉ። ካሳ ይህ በቃው። አካሉ እንጨቱን ተሸክሞ ሲመጣ ያዙት፤ እጆቹን ወደ ኋላ ጠምዝዘው ዝናብ በነካው ጠፍር አሰሩትና እሳት ካለበት ማድቤት አስገቡት። እርጥብ ጠፍር ሲደርቅ እንደሚጠብቅ የማያውቅ ገበሬ የለም። «ነገ ከወረዳው እልከዋለሁ» አለ ካሳ። «የቅርስ ሌባ ምን እንደሚደረግ ያያል።» ታስረው ከሄዱት መካከል እስከዚያ ቀን የተመለሰ አልነበረም። አካሉ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፤ «አባ፣ እርስዎ ያውቃሉ» አለ። ገበዙ ይህንንም እንደ ዛቻ ቆጠሩት።

በማግስቱ ማለዳ ገበዙ የዕቃ ቤቱ በር ላይ ቆዝመው ሳለ ዲያቆን ሞላ መጣ። ዐይኑ አብጧል። በእጁ ያልተጨሰ፣ ያልተለሰለሰ፣ ክንዱ የተንጋደደ የዋንዛ መስቀል ይዟል።

«አባ፣ መምህሬን አሰሩት። እኔስ አሁን ማን ያስጨርሰኛል?» አለ። «ሐረጉን እንደምንም ብዬ ጨርሼ ነበር። ያስቸገረችኝ ይቺ እግሩ ላይ ያለችው ናት። አምስት እንጨት አበላሽቼባታለሁ።»

ገበዙ ቀና አሉ። «የትኛዋ?»

«ይቺ ጭረት። መጀመሪያ አልነበረችም ብለን ስንከራከር መምህራችን ጠጋ ብሎ አያትና ‹እኔም አላየኋትም ነበር፤ አሁን ካያችኋት ግን ቅረጿት፤ አትጨምሩ አትቀንሱ ብያለሁ› አለን። አምባቸው የጌታ እግር የተቸነከረበት ምልክት ናት ብሎ ነገረን። ከዚያ ወዲህ እሷን ስንቀርጽ ‹በእንተ እግዝእትነ ማርያም› እያልን ነው። ትክክል ነው አባ?»

ገበዙ መስቀሉን ተቀብለው የጨነቀው ጀማሪ እንዴት አድርጎ እንደቀረጻት አዩ፤ በሳቸው ሰንጢ በአንድ ትንፋሽ የተጫረችውን፣ ሞላ አንገቱን ደፍቶ፣ እየጸለየ፣ ጫፏ ወደ ቀኝ ዘንበል ማለቷን ሳይቀር ደግሟታል። ለውጦ የሸጠ የለም። እውነተኛው ትናንት በጨርቁ ውስጥ በእጃቸው ነበር። ከሌሎቹ ጋር የቀላቀሉት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ይህን ሲያውቁ አፍረው መሬት ቢውጣቸው ወደዱ፤ ወዲያውም ከኀፍረታቸው ይልቅ ፍርሃታቸው በለጠ።

ቤት ገብተው ለሸዋረግ ሁሉንም ነገሯት። ቀስ ብለው ካሳን ቢያነጋግሩት፣ ተሳስቻለሁ ብቻ ቢሉትስ? የጭረቷን ነገር ሳያነሡ?

«ካሳ በምን አወቁ ብሎ ሲጠይቅዎ እንደሸሸጉት፣ በምን ተሳሳቱ ሲልዎም ሊሸሽጉት ነው?» አለች። ዛሬ አልሳቀችም። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሆኗል። ይሂዱ።»

ካሳ ግቢ ሲደርሱ ሰዉ ተሰብስቧል፤ አለቃ አድማሴም አሉ፤ አካሉን ሊወስዱት ሁለት ታጣቂዎች ቆመዋል። ገበዙ ጥምጣማቸውን አወለቁ። ከዚያ በፊት በሕዝብ ፊት ራሳቸው ተገልጦ አያውቅም።

«መስቀሉን ማንም አልሰረቀውም» አሉ። «እግሩ ላይ ያለችውን ጭረት የጫርኋት እኔ ነኝ፤ በሰንጢ፣ ይህን ሰው ስለጠረጠርሁት። ልጆቹ ያዩትን ቀረጹ። ከሌሎቹ ጋር የደባለቅሁትም እኔ ነኝ።»

ከሴቶቹ አንዷ አማተበች። የችንካሩ ምልክት ብለው ጸልየው የቀረጹት ተማሪዎች እርስ በርስ ተያዩና መሬት መሬት አዩ። አለቃ አድማሴ እጃቸውን ዘረጉ። ገበዙ ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው ሰጧቸው። ካሳ ግን ሳቀ። «እንግዲያው የትኛው ነው? ለሕዝቡ ያሳዩ» አለ።

ሰባቱን መስቀሎች ነጠላ ላይ ደረደሯቸው። ገበዙ አንድ በአንድ አነሡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የያዙት መስቀል ነውና እጃቸው የሚያውቀው መስሏቸው ነበር፤ እጃቸው ግን ለካ ከሐምሌ ወዲህ ጭረቷን ብቻ ነው የለመደው። ሰባቱም ላይ አለች። ሁሉም እሱ መሰላቸው፤ መልሰው ሲያነሡት ደግሞ አንዱም እሱ አልመስል አላቸው።

«አካሉ ይለየዋል» አለ አምባቸው። «መምህራችን ዐይኑን ጨፍኖ የማንኛችን ሥራ እንደሆነ በጣቱ ያውቃል።»

ጠፍሩን በቢላዋ ቆርጠው ፈቱት። አካሉ እጆቹን ወደ ፊት አመጣቸው። አብጠው ጠቁረዋል፤ ጣቶቹ እንደታጠፉ ቀርተዋል። ተንበረከከና የመጀመሪያውን መስቀል በሁለት መዳፉ መካከል አነሣው። ጣቱን በሐረጉ ላይ ለማስኬድ ሞከረ። ሁለተኛውን አነሣ። ሦስተኛው ከእጁ ወደቀ፤ መውደቁንም ያወቀው ድምፁን ሲሰማ ነው።

«ጣቶቼ አይሰሙም» አለ።

አለቃ አድማሴ ሰባቱንም በአንድ ላይ ጠቀለሏቸው። አንዱ የተቀባ ነውና የትኛውም ለገበያ አይወጣም፤ ጳጳሱ እስኪወስኑ ዕቃ ቤት ይቆለፍባቸዋል አሉ። ስድስቱ ተማሪዎች የክረምት ድካማቸው ሲቆለፍበት ቆመው አዩ። የመስከረሙ እህል በዚያው ቀረ።

አካሉ ከረጢቱን ትከሻው ላይ እንዲያስሩለት ጠየቀና ወደ ማሻ በሚወስደው መንገድ ተነሣ። ሞላ ጥቂት ሸኘው። ሸዋረግ የተቆላ ገብስ በጨርቅ ቋጥራ ስታመጣ ገበዙ ከእጇ ተቀብለው ተከተሉት፤ ከወንዙ አፋፍ ላይ ደረሱበት።

«አካሉ» አሉ፤ ትንፋሻቸው ተቆራርጧል። «ይቅርታ አልጠይቅህም፤ የሚጠየቅ አይደለም። ይህንን ግን ያዝ። መንገዱ ሩቅ ነው።»

አካሉ ቆመ። ከትናንት ወዲህ እህል አልቀመሰም፤ የቆሎው ሽታ ደርሶት ምራቁን ሲውጥ ገበዙ አይተውታል። ቋጠሮውን አየ፣ ከዚያ የገበዙን እጅ አየ። በሰኔ ሲመጣ የሰጠውን ሰው ፊት እንኳ ሳያይ የሚበላ ነበር። አሁን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«መጀመሪያ እርስዎ ይቅመሱልኝ» አላቸው።

በቁጣ አልነበረም፤ ሰው ከማያውቀው ቤት ጠላ ሲቀርብለት እንደሚለው፣ በደንቡ ነው ያለው። ፍልሰታ ነው፤ ቀኑም ገና ረፋድ ነው። ቄሰ ገበዝ ኃይለ ማርያም ከልጅነታቸው ጀምሮ ጾም ሽረው አያውቁም። ቋጠሮውን ፈቱ፤ እፍኝ ቆሎ ዘግነው አፋቸው ውስጥ ጨመሩ። አካሉ ጉሮሯቸውን እያየ ጠበቀ። እስኪውጡ ድረስ ዐይኑን አላነሣም። ከዋጡ በኋላም ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ በቀስታ ከረጢቱን ወደ ፊት አዞረው። ገበዙ ቆሎውን ከመሮዎቹ ጎን ከተው አፉን አሰሩለት፤ እሱም ሁለት እጆቹን ብብቱ ውስጥ አድርጎ ቁልቁለቱን ወረደ።